ስላልታተመው መጽሐፍ፦ መነሻ ጥናት

የአማርኛ ልብ ወለድ አጥኚዎች ነገራቸውን የሚጀምሩት አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ካሳተሙት «ልብ ወለድ ታሪክ» ነው። ከዚያ ወዲህ የታተመውን ቆጥረዋል፣ በዘመን መድበዋል፣ አወድሰዋል፣ ነቅፈዋል። ያልታተመው ግን እስከ ዛሬ አጥኚ አላገኘም። በብዛት ከታተመው እንደሚበልጥ እየታወቀ እንዲህ መዘንጋቱ ያሳዝናል።

ያልታተመ መጽሐፍ የሚገኘው በታተመ መጽሐፍ የመጨረሻ ገጽ ላይ ነው። «የደራሲው ሥራዎች» ከሚለው ርዕስ ሥር ስድስት መጻሕፍት ይደረደራሉ፤ ከአምስቱ ጎን በቅንፍ «በቅርብ ቀን» ተብሎ ተጽፏል። ስድስተኛው አንባቢው በእጁ የያዘው ነው።

አምስቱ በየትኛውም ደራሲ ዘንድ ብዙ አይለያዩም። አንደኛው የዚያው ልብ ወለድ ክፍል ሁለት ነው፤ ዋናው ገጸ ባሕርይ በክፍል አንድ መሞቱ እንደ እንቅፋት አይቆጠርም። ሁለተኛው ታሪካዊ ልብ ወለድ ሲሆን ብዙ ጊዜ ስለ ዐፄ ቴዎድሮስ ነው፤ ደራሲው መቅደላን ወጥቶ ለማየት ስፖንሰር እያፈላለገ ይገኛል። የግጥም መድበልም አለ፣ ትርጉምም አለ። አምስተኛው የሚታወቀው በርዕሱ ብቻ ነው፤ ርዕሱ ግን ከሁሉም ያምራል።

አሠራሩም ለብቻው ነው። የታተመ መጽሐፍ በረቂቅ ይጀምራል፤ ይህኛው በሽፋን። ጭጋግ፣ ጀርባዋን የሰጠች ሴት፣ ራቅ ብሎ አንድ ግራር። ሽፋኑ ፌስቡክ ላይ ሲለጠፍ «በጉጉት እንጠብቃለን» የሚለው ይበዛል፤ «የባንክ ሒሳብ ቁጥርህን ላክልኝ» ያለ ሰው ግን በዚህ ጥናት አልተመዘገበም። ቀጥሎ መታሰቢያነቱ ይጻፋል፤ ለእናቱ ነው። ከዚያ ምስጋናው። የመጀመሪያው ምዕራፍ ተራ የሚደርሰው ከዚህ በኋላ ነው፣ ከደረሰ።

የሚወጣበት ጊዜ መስከረም ነው። በመስከረም ሰው ገንዘቡን ለደብተርና ለትምህርት ቤት ስለሚያውል ወደ ገና ይሻገራል። ገና የበግ ወጪ አለው፤ ስለዚህ ወደ ፋሲካ። ፋሲካም የበግ ወጪ አለው። ክረምት ሲገባ ሰው ቤቱ ተቀምጦ ያነባል ይባላል፤ ግን ያኔ መስከረም ስለቀረበ ትንሽ መታገሥ ይሻላል። የእኛ ዓመት አሥራ ሦስት ወር ያለው መሆኑ እዚህ ላይ በእጅጉ ጠቅሟል።

ምክንያቱን ፍለጋ ወደ ቀደሙት ዞር ብለን ነበር። ሐዲስ ዓለማየሁ ዲፕሎማትና ሚኒስትር ነበሩ፤ በዓሉ ግርማ ጋዜጠኛ፣ ኋላም የማስታወቂያ ሚኒስቴር ባለሥልጣን፤ ዳኛቸው ወርቁ መምህር። «ፍቅር እስከ መቃብር»፣ «ኦሮማይ» እና «አደፍርስ» የመጡት ደመወዝ ከለመዱ እጆች ነው። መታወቂያው ላይ «ሥራ፦ የግል» የተባለለት ደራሲ ግን ጸሐፊም፣ አሳታሚም፣ ተሸካሚም እሱው ነው። ማተሚያ ቤቱ ቀብድ ይጠይቃል። ወረቀቱ ዶላር ይጠብቃል። አከፋፋዩ የሚከፍለው ከተሸጠ በኋላ ነው፤ መሸጡን የሚያውቀውም እሱ ነው። ከዚህ ሁሉ ጣጣ ነጻ የሆነው ያልታተመው ብቻ ነው፤ አይከስርም፣ ሳይሸጥ አይመለስም፣ በስርቆት ተባዝቶ አስፋልት ዳር አይዘረጋም።

ሕጉም አልደረሰለትም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሚጠብቀው ሥራን እንጂ ሐሳብን አይደለም። የተጻፈ ሥራ ደራሲው ከሞተ በኋላም 50 ዓመት ይጠበቃል፤ ያልተጻፈው ለአንዲት ቀን እንኳ ዘበኛ የለውም። ደራሲዎቻችን ስለ ቀጣዩ መጽሐፍ ይዘት ሲጠየቁ «ሲወጣ ታነበዋለህ» የሚሉት ከዚህ ስጋት የተነሣ ሳይሆን አይቀርም።

ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ ደራሲ ስታገኝ «ቀጣዩስ መቼ ነው?» አትበለው፤ ጥያቄው ስድስቱን ርዕስ ሰባት ከማድረግ በቀር ያመጣው ፍሬ የለም። የወጣው መጽሐፍ አልጋው ሥር በካርቶን ተቀምጧል፤ ዋጋውም ከጀርባው ላይ ታትሟል። «ፈርመህ ስጠኝ» ከማለትህ በፊት ክፈል።