እግር ሲሰበር ወዳጅ ይበዛል

ቨርጂኒያ መጋዘን ውስጥ ሲሠራ የወደቀ ሐበሻ ብቸኝነት አያውቅም። ጄሶው ሳይደርቅ ጠያቂው ሁሉ «አንድ የማውቀው ጠበቃ አለ» እያለ ይገባል። ሾርባ ይዞ የሚመጣው ከስንት አንዱ ነው።

ጠበቃውማ አውቶቡስ ጀርባ ላይ እጁን አጣምሮ ፈገግ ብሏል። «ካላሸነፍን አንድ ሳንቲም አንቀበልም!» ደግነቱ ያስለቅሳል። በሠራተኛ ካሳ ጉዳይ የጠበቃን ክፍያ የሚያጸድቀው የግዛቲቱ የሠራተኞች ካሳ ኮሚሽን መሆኑን ያልጻፈው ቦታ ጠብቦት ይሆናል። ጉዳዩ ሚሊዮን እንደማያስገኝም እንዲሁ አልጻፈም። ሕጉ ሕክምናውን ይሸፍናል፤ ከሥራ ለቀሩበት ጊዜ ከሳምንታዊ ደመወዝ ሁለት ሦስተኛውን፣ ያውም በጣሪያ ተወስኖ፣ ይተካል። ለስቃይ ግን ሰባራ ሳንቲም የለውም። አሠሪውንም በቸልተኝነት ከስሶ ሚሊዮን መጠየቅ አይቻልም፤ ጥፋቱ የሌላ ድርጅት፣ ለምሳሌ የማሽን አምራች፣ ከሆነ ነው በር የሚከፈተው።

አደጋው በ30 ቀን ውስጥ ለአሠሪው በጽሑፍ መነገር፣ አቤቱታውም በ2 ዓመት ውስጥ ኮሚሽኑ ዘንድ መድረስ አለበት። ጠቋሚ ወዳጆች ይህችን አይነግሩም፤ የጠበቃውን የመኪና ዓይነት ግን አሳምረው ያውቃሉ።

ቢሮው ሲደረስ ጠበቃው የለም። ጸሐፊዋ ወፍራም ወረቀት ዘርግታ የሚፈረምበትን ቦታ በቢጫ ምልክት አድርጋለች።

«ጋሼ፣ እዚች ጋ ብቻ ይፈርሙልኝ።»

«እሺ የኔ ልጅ። ለመሆኑ ጠበቃው ኮሚሽኑ ፊት ቆሞ ተከራክሮ ያውቃል?»

«ሻይ ላምጣልዎት?»