ሁለት ሲም፣ አንድ ጉብታ

ባለ ሁለት ሲም ስልክ የገዛሁ ሰሞን፣ በመንዟ ከተማችን በመሐል ሜዳ ባለ ሁለት ሚስት በሚታይበት ዓይን ነበር የታየሁት። «አንዷ ምን አጎደለችብህ?» አለኝ አጎቴ፣ ስልኬን በመዳፉ እንደ ቅቤ እየመዘነ። ስለ ኔትወርክ፣ ስለ ጊጋ፣ ስለ ጥቅል ዋጋ የተቀዳልን ቡና እስኪቀዘቅዝ ድረስ አስረዳሁት። ሰማኝ፣ ሰማኝና «እንግዲያማ ሁለቱም አልበቁህም» ብሎ ስልኩን መለሰልኝ።

ጥፋቱ የእህቴ ልጅ ነው። አዲስ አበባ ይኖራል፣ ሂሳብ ተምሯል፣ ለገና ሲመጣ ከሙክቱ ይልቅ ላፕቶፑን ይናፍቃል። ከፍቶ አንድ ሠንጠረዥ አሳየኝ። በግራ አንዱ ድርጅት፣ በቀኝ ሌላው፤ ከስራቸው የአንድ ጊጋ ዋጋ፣ የደቂቃው፣ የዕለቱ፣ የሳምንቱ፣ የወሩ ጥቅል። «ጋሼ፣ ድሮ ምርጫ አልነበረም። አሁን አለ። ምርጫ እያለ አንድ ሲም ይዞ መቀመጥ ድንቁርና ነው» አለኝ።

ስለ ድሮው እውነቱን ነው። ስልክ እ.ኤ.አ. በ1894 አገራችን ገብቶ ከሐረር እስከ አዲስ አበባ 477 ኪሎ ሜትር ሽቦ ከተዘረጋለት ጀምሮ የምናንኳኳው በር አንድ ነበር። የበሩ ስም ተቀያይሮ በ2003 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮም ሆነ እንጂ በሩ ያው ነበር። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በነሐሴ 2014 ከድሬዳዋ ጀምሮ፣ መስከረም 26 ቀን 2015 አዲስ አበባ ሲገባ ነው ሁለተኛ በር ያየነው። በነገራችን ላይ ስልክን ያስገቡት አፄ ምኒልክ ሐረጋቸው የሚመዘዘው ከመንዝ ነው፤ የሸዋ ነገሥታት አባት ነጋሢ ክርስቶስ የእኛው አገር ሰው ናቸውና። ስለዚህ ስልክ ለመንዝ የቤት ልጅ ናት። በቤት ደግሞ ቀድሞ የሚቀርበው ለእንግዳ ነው፤ ሐረር ቀድማ እኛ ኋላ መቅረታችንን እኔ በዚህ እተረጉመዋለሁ።

እንዲህ ተመክሬ ሁለተኛ ሲም አስገባሁ። አንዷን ላይኛዋ፣ አንዷን ታችኛዋ እላቸዋለሁ። የትኛዋ የየትኛው ድርጅት እንደሆነች አልናገርም፤ ነገ ሁለቱም ያስፈልጉኛል።

የእህቴ ልጅ ሠንጠረዥ ውስጥ ያልገባ አንድ ነገር ነበር፤ ሰውየው የቆመው የት ነው? አዲስ አበባ ላይ ይህ ጥያቄ ብዙም አይነሣም። መንዝ ግን ሌላው ሁሉ ከእሱ በኋላ ነው የሚመጣው። መሐል ሜዳ ከባሕር ጠለል በላይ 3,000 ሜትርን አልፋ የተቀመጠች ከተማ ናት። እንግዳ ሲመጣ «ይህን ያህል ከፍ ብላችሁ ኔትወርክ እንዴት ይቸግራችኋል?» ይለናል። ቆጥ ላይ ያደረች ዶሮ ለፀሐይ ትቀርባለች እንደማለት ነው። ኔትወርክ የሚሄደው እንደ ዓይን ነው፤ ቀጥ ብሎ ይሄድና ጋራ ሲያጋጥመው ይቆማል። ማማው ከጉብታው ማዶ ግማሽ ኪሎ ሜትር ላይ ቢሆንም ካላያችሁት አላያችሁም።

የእኔ ቤት ያለው ደግሞ ጎድጓዳ ቦታ ነው። አባቴ ሲሠራው ያሰበው ስለ ነፋስ ነበር። በእኛ አገር ነፋስ የማያገኘው ቤት የብልህ ቤት ነው፤ ነፋስ ያላገኘውን ቤት ኔትወርክም እንደማያገኘው አባቴ በምን ይወቅ? ቤቴ ውስጥ ላይኛዋ ሲም አንድ ዘንግ ታሳያለች፤ ያችንም በመስኮቱ በኩል፣ ስልኩ ምስማር ላይ ከተሰቀለ ብቻ። ታችኛዋ «ለአደጋ ጊዜ ጥሪ ብቻ» ትላለች። ይህን ለአጎቴ ስተረጉምለት፣ «ጥሩ ናት፤ አደጋ እስኪደርስ አትንካት» አለኝ።

ወደ ጓሳ ሣር ምድር ወጥታችሁ ከገደሉ አፋፍ ብትቆሙ ግን ሌላ ዓለም ነው። ከእግራችሁ ስር ይፋት፣ ከዚያ ወዲያ የአፋር ቆላ ተዘርግቶ ይታያል። ስልካችሁም እንደ ዓይናችሁ ቁልቁል ያይና የቆላ ማማ ይይዛል። ጣታችሁ በውርጭ ደንዝዞ፣ ሰው ከሙቀቱ የተነሣ ጥላ ከሚፈልግበት አገር በተላከ ኔትወርክ ታወራላችሁ። ጭላዳዎቹ ከጎናችሁ ሣራቸውን እየነጩ ያዳምጣሉ፤ ለነሱ ጥቅል አያስፈልጋቸውም። ይህም ቢሆን ልክ አለው። በሁለተኛው ትውልድ ኔትወርክ ከማማው ከ35 ኪሎ ሜትር በላይ የራቀ ስልክ፣ ማማው ፊት ለፊቱ ቢታይም አይስተናገድም። ምልክቱ ሄዶ እስኪመለስ የተመደበለት ቅጽበት ያልፍበታል፤ ዘግይቶ የደረሰ ሰው ማዕድ ተነሥቶ እንደሚጠብቀው ማለት ነው።

ብርዱም የራሱ ሒሳብ አለው። በጥር ማለዳ ግማሽ የነበረው ባትሪ ደጅ ስትወጡ ድርግም ይላል። መድኃኒቱ ብብት ነው። ስለዚህ እኛ አገር አንድ ሰው ብብቱን ይዞ ሲሮጥ ካያችሁ አልታመመም፤ ሊደውል ወደ ጉብታ እየወጣ ነው።

አሁን ወደ ጥቅሉ ልምጣ፤ አጎቴና ዘመኑ የተጣሉት እዚያ ላይ ነውና። የዕለት ጥቅል ገዛሁ። ግማሹን ሳልጠቀምበት 24 ሰዓት ሞላና ጠፋ። አጎቴ ይህን ሲሰማ ምሳውን አቆመ።

«ከፍለሃል?»

«ከፍያለሁ።»

«ተቀብለሃል?»

«ተቀብያለሁ።»

«ታዲያ ማን ወሰደው?»

«ጊዜው አለፈበት።»

«ገብሴን ገዝቼ ጎተራ ከከተትኩ በኋላ፣ ፀሐይ ስለጠለቀች ነጋዴው መጥቶ ይዝቃል?»

መልስ አጣሁ። የመንዝ ሰው የገዛው ነገር ሲያረጅ እንጂ ሲያልፍበት አያውቅም። አጎቴ የሚለብሰው ባና የአባቱ ነው፤ እስካሁን የማብቂያ ቀን አልተላከለትም። ገደብ አናውቅም እንዳልል ደግሞ፣ የአጠቃቀም ገደብን ከእኛ የቀደመ ያለ አይመስለኝም። የጓሳን ሣር አባቶቻችን ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ በሥርዓት ሲጠብቁት ኖረዋል፤ ዓመታት ይዘጋል፣ በስምምነት ይከፈታል፣ ሰው ለቤቱ ክዳን ያጭዳል፣ ከብት ይገባል፣ ተመልሶ ይዘጋል። ልዩነቱ፣ የተዘጋ ሣር ባይነካም እየበዛ ይጠብቃችኋል። የተዘጋ ጊጋ ግን አይጠብቅም።

የማብቂያውን ቀን ማንበብም ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። የካቲት 14 ቀን 2017 የእህቴ ልጅ ለአጎቴ ጥቅል ገዝቶ ላከለት። የመጣው መልእክት «እስከ 23/03/2025» ይላል። አጎቴ በጣቱ ቆጠረ፤ ሦስተኛ ወር ኅዳር ናት፣ 23 ደግሞ ከጽዮን ሁለት ቀን አለፍ ብሎ። ኅዳር 23 ቀን 2025 ዓ.ም.! ስምንት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ወር የቀረው። «ይህ ልጅ ይባረክ፣ ለተዝካሬ ሁሉ አሰበልኝ» አለና ቁጥብ ሆኖ ተቀመጠ። በቀን አንድ ደቂቃ፣ በበዓል ሁለት። መጋቢት 14 ቀን ድርግም ሲልበት ሌባ ገባብኝ ብሎ ነው እኔ ዘንድ የመጣው። የፈረንጅ ቀን መሆኑን ነገርኩት። እስከ ዛሬም ስምንቱን ዓመት የበላሁበት እኔ እመስለዋለሁ።

«ያልተገደበ» የሚባለውንም ጥቅል ሞክሬዋለሁ። ያልተገደበ ማለት በእኛ አገር ድግስ ብትጠሩና ጠላው እንደ ልብ ነው ከተባላችሁ በኋላ፣ ከአምስተኛው ዋንጫ ጀምሮ በቡና ሲኒ እየተቀዳ ሲሰጣችሁ ነው። አልተከለከላችሁም። ግን መስከር አትችሉም። ርካሹ የሌሊት ጥቅል ደግሞ ዋጋው እውነትም ዝቅ ያለ ነው፤ ልዩነቱን ለመቆጠብ ሌሊት ባና ደርቦ ጉብታ መውጣትና ከጅብ ጋር መተላለፍ አለ። አንድ ሌሊት ሄጄ የአንድ ሰርግ ቪዲዮ ሩቡን አውርጄ ተመለስኩ። ሙሽራይቱን ገና አላየኋትም።

የሁለቱ ሲሞቼ ውድድር በእኩል ነጥብ ያለቀበት ጊዜም ነበር። ከ2015 ክረምት ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ሳለ፣ ላይኛዋም ታችኛዋም ዜሮ ለዜሮ ተለያዩ። የእህቴ ልጅ ሠንጠረዥ ያን ጊዜ ለምን እንደሚያገለግል ጠይቄው ነበር፤ መልሱን ሊልክልኝ አልቻለም።

ገንዘብ በስልክ መተላለፍ ከጀመረ ወዲህ ጉብታው ገበያም ሆኗል። አጎቴ አንድ ሙክት ሸጠ። ገዢው ስልኩን ነካካና «ልኬልሃለሁ» አለ። አጎቴ የበጉን ገመድ አልለቀቀም። «ጢን ሲል እለቃለሁ» አለ። ጢን አላለም። ገዢው ከፍሎ ስለነበር እሱም ገመዱን ያዘ። ሁለቱ ገመዱን ግራና ቀኝ እንደያዙ፣ በጉን መሐል አድርገው፣ ስልኩን አጎቴ ብብት ውስጥ ከትተው ጉብታው ላይ ወጡ። እዚያ ጢን አለ። ሁለቱም በአንድ ጊዜ ለቀቁና በጉ አመለጠ። እሱን ለመያዝ ሦስት እረኛ አስፈለገ።

ስለ እረኞቹ ካነሣሁ፣ በመላ መንዝ የኔትወርክን ካርታ የሚያውቀው እረኛ ብቻ ነው። የትኛው ድንጋይ ላይ ሁለት ዘንግ፣ የትኛው ቋጥኝ ስር ምንም እንደሌለ፣ ጭጋግ ሲወርድ የቱ ጋ እንደሚሻል ያውቃል። የእህቴን ልጅ ሠንጠረዥ በወረቀት ገልብጬ አንዱ እረኛ ፊት ዘርግቼ «የቱ ይሻላል?» ብዬ ጠየቅሁት። ወረቀቱን አየ፣ እኔን አየኝ። «ጋሼ፣ ያቺ ድንጋይ ትሻላለች» አለኝ በዱላው እያመለከተ።

ያቺን ድንጋይ በደንብ ያወቅኋት በአክስቴ ምክንያት ነው። ልጇ ዓረብ አገር ናት። ድምፅ ብቻ መስማት ሰልችቷት «ፊቷን በኢሞ አሳየኝ» ብላ ያዘችኝ። አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ነጠላዋን እንዳጣፋች ይዣት ወጣሁ። ላይኛዋን ሞከርን፤ ክቡ ይዞራል፣ ይዞራል። ታችኛዋን ሞከርን፤ ምስሉ መጣ፣ ልጅቱ አፏን እንደከፈተች ደርቃ ቀረች። አክስቴ ደነገጠች። «ምን ሆና ነው የማትንቀሳቀሰው?» ኔትወርክ ነው ብላት አላመነችም። እጇን አፏ ላይ አድርጋ፣ ድሮ ሴት አያቶቻችን ከጋራ ጋራ በሚጣሩበት ድምፅ ጮኸች፤

«አንቺ ልጅ! ደኅና ነሽ ወይ?»

ከሸለቆው ማዶ፣ ከወዲያኛው ጋራ፣ አንድ ቀጭን የእረኛ ድምፅ ጥርት ብሎ መጣ፤

«ደኅና ነኝ! እናንተስ እንዴት ናችሁ?»

አክስቴ ስልኩን ትታ ወደ ማዶ ዞረች። የልጁን አባት ስም ጠየቀች፣ እናቱን አወቀቻት፣ የላሟን መውለድ ሰማች፣ የሰዎቹን ጤና አዳረሰች። አስር ደቂቃ ያህል አወሩ፤ አንዴም አልተቆረጠም። የእህቴ ልጅ ሠንጠረዥ ላይ ይህን ሦስተኛ ድርጅት ልጨምር ብዬ አሰብኩ። ዋጋው ነፃ ነው፣ ጊዜው አያልፍበትም፣ ከጋራ ጋራ ሰው እየተቀባበለ ስንት አጥቢያ ያደርሰዋል። እንከኑ ምሥጢር አለማወቁ ነው፤ በማግስቱ የአክስቴን ናፍቆት ሁለት ቀበሌ ያውቀው ነበር። በእርግጥ ጉብታው ላይ ተሰልፈን በኢሞ ስናወራም ምሥጢር የለንም። ሁሉም ሰው ድምፅ ማጉያውን ከፍቶ ነው የሚያወራው።

የአክስቴ ልጅ የመጣችው ከማዶው ወሬ በኋላ ነው፤ ምስሉ ከድርቀቱ ተፈታና ስቃ ታየችን። በየትኛዋ ሲም እንደመጣች በወከባው ሳላይ ቀረሁ። አክስቴ ግን አትጠራጠርም፤ ጮኼ ስለጠራኋት ነው ትላለች።

ይህን ያነበባችሁና ልትደውሉልኝ ያሰባችሁ፣ ሁለቱም ቁጥሮቼ ይሠራሉ። ባላነሣ አትቀየሙኝ፤ ስልኩ ብብቴ ውስጥ ነው ያለው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሞክሩ፤ ያን ጊዜ ጉብታው ላይ ነኝ፣ ከፊቴ ሰባት ሰው ተሰልፏል።