ጥንቸል በላው እንግዳ

የአክስቴ ልጅ ከአገው ምድሯ ጥሊሊ ደውሎ «ጋሼ፣ ጀርባዋ ላይ ጥቁር ጥቁር መስመር ያለባት ጥንቸል አየሁ» አለኝ። ሌላ ሰው ቢሆን ስቆ ስልኩን ይዘጋ ነበር። እኔ ግን እንዲህ ያለች ጥንቸል በዓለም ላይ መኖሯን አንብቤያለሁ። አንደኛዋ በሱማትራ ተራሮች፣ ሁለተኛዋ በላኦስና በቬትናም መካከል ባለው የአናማይት ተራራ ጫካ ትኖራለች። ሁለቱም ከፊታቸው እስከ ጀርባቸው በጥቋቁር መስመር የተዥጎረጎሩ፣ ከወደ ኋላቸው ቀላ ያሉ፣ ሌሊት ሌሊት የሚወጡ ናቸው። ሱማትራ የት፣ አገው ምድር የት? ይህ ጥያቄ የመጣልኝ ወደ ጥሊሊ የተሳፈርኩበት አውቶቡስ ቡሬን ካለፈ በኋላ ነው። ቡሬ ድረስ ሄዶ መመለስ ደግሞ ነውር ነው።

ጥሊሊ በዝናብ ተቀበለችኝ። ልጁ «በቀጥታ ወደ ጫካው እንሂድ» ቢለኝም እኔ «ቅድሚያ ገበያ» አልኩ። ምክንያት አለኝ። የላኦሷ ጥንቸል በሳይንስ የታወቀችው ከገበያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ ሮብ ቲሚንስ የሚባል ተመራማሪ ባን ላክ በምትባል ከተማ ለምግብ ከቀረቡ የዱር እንስሳት መካከል ተጋድማ አገኛት። በ1999 በወጣ የዘረመል ጥናት ከሱማትራዋ ዘመዷ የተለያየችው ከ8 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ነው ተባለ፤ በ2000 ደግሞ በሰውየው ስም ተሰየመች። እናም ድንች ሻጮቹ መሀል ቆሜ «ጥንቸል ይገኛል?» ስል ጠየቅሁ።

አንዲት እናት አማተቡ። «ለምንህ ነው ልጄ?» ለማየት ብል ማን ያምነኛል? በኦሪቱ ቃል ጥንቸል ቢያመሰኳም ሰኮናው አልተሰነጠቀምና የተከለከለ ነው። ከገበያው ሳልወጣ ስሜ «ጥንቸል በላው» ሆነ።

አመሻሹ ላይ ዲከረንስ ተክል ውስጥ ገባን። የአዊ ገበሬ ተክሎ፣ ጥቂት ዓመት ጠብቆ ከሰል የሚያከስለው ዛፍ ነው፤ ቀጥ ቀጥ ብሎ ተጠጋግቶ ይቆማል። ካሜራ አንግቼ ሳደፍጥ ያዩኝ አክሳዮች ቀረጥ ሰብሳቢ መስያቸው ይሁን ሌባ፣ ውሻ ለቀቁብኝ። ሮጥኩ፤ ጭቃው ጫማዬን አስቀረ፤ ልጁ እየሳቀ ጎትቶ አወጣኝ። ዝናቡ አባርቶ ፀሐይዋ ከደመናው ሥር ብቅ ስትል ክንዴን ጨበጠ። «ያቻትና! አላልኩህም ጋሼ?»

እውነትም ከሣሩ መሀል ባለ መስመር ጥንቸል ቁጭ ብላለች። ካሜራዬን ሳነሳ ብድግ ብላ ፈተለከች፤ መስመሮቹ ግን ሣሩ ላይ ቀሩ። የዲከረንሱ ግንዶች ጥላ ነበሩ። ልጁ ዋሽቶ አያውቅም፤ ጥላው ነው የዋሸው። የሱማትራና የአናማይት ጥንቸሎችም መስመራቸው ከጫካው ብርሃንና ጥላ ጋር የሚያመሳስላቸው ይመስለኛል።

የኛዋ ሌላ ወገን ናት። ጉድጓድ አትቆፍርም፤ ልጆቿም ፀጉር ለብሰው፣ ዓይናቸውን ገልጠው ይወለዳሉ። ከእነዚሁ ወገኖች ሌፐስ ፋጋኒ የሚባለውን ዝርያ፣ እንግሊዛዊው ኦልድፊልድ ቶማስ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ጣና ዳር ከዘጌ በተወሰደ ናሙና ነው ለዓለም ያስተዋወቀው። ጥሊሊ ድረስ ጥንቸል ብሎ የመጣው የመጀመሪያ ሰው ግን እኔ ሳልሆን አልቀርም።

ማታ አክስቴ ለኔ ብቻ ለየት ያለ ሳህን አቀረበችልኝ። ወሬው ቀድሞኝ ገብቷል።

«እኔኮ ጥንቸል አልበላም አክስቴ።»

«ካልበላሃትማ ምን ልታደርጋት ፈለግሃት?»

መልስ አጣሁ። የአናማይቷን ጥንቸል ዛሬ ለመጥፋት ያሰጋት የዱር ሥጋ ፈላጊ መብዛት ነው፤ ጫካው በሽቦ ወጥመድ ተሞልቷል። ሳይንስም ቢሆን የደረሰባት በበላተኛ መንገድ ሄዶ ነው። የጥሊሊዋን ግን ገበያተኛው እያማተበ ይጠብቃታል፤ ከዚህ የተሻለ የዱር እንስሳት ጥበቃ ሕግ የት ይገኛል? ይህን ሁሉ ለአክስቴ ዘርዝሬ አስረዳኋት። በጽሞና ሰማችኝ፤ በሳህኑ ጉዳይ ግን ንቅንቅ አላለችም።