ሳይወለድ አባወራ

አባወራ ማነው ሲባል ገሚሱ ባልን ይጠቁማል፤ ዘመን የገባው ደግሞ ፈጠን ብሎ ሚስትን ይጠቁማል። ሁለቱም ስተዋል ባይ ነኝ። አዲስ አበባ ውስጥ ቤት ተከራይተው የሚኖሩ፣ ከተጋቡ ገና ብዙ ያልቆዩ ባልና ሚስት ልጅ ሲጠብቁ ቤቱ የሚታዘዘው ለሦስተኛው ሰው ነው፤ ያውም ስም ላልወጣለት፣ መታወቂያ ለሌለው፣ ከኪራዩ ሰባራ ሳንቲም ለማያዋጣው። ለጽንሱ ማለቴ ነው። የት ሰፈር እንደሚኖሩ፣ ስንተኛ ፎቅ ላይ እንደሚያድሩ፣ ለፋሲካ አገር ቤት መውረድ አለመውረዳቸውን፣ ማን ከክፍለ ሀገር መጥቶ ስንት ወር እንደሚሰነብት የሚቆርጠው እሱ ነው። ሴት ከሆነች እማወራ መባሏ አይቀርም፤ አልትራሳውንዱ እስኪለይልን ድረስ ግን «እሱ» እያልኩ ብቀጥል ቅር አትሰኝ።

ማስረጃዬን ከደረጃው ልጀምር። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ወዲህ በከተማዋ ዳር ዳር የበቀሉት የ20/80 ኮንዶሚኒየሞች አብዛኞቹ ጂ ፕላስ ፎር የሚባሉት፣ ሊፍት የሌላቸው ናቸው። አዲስ ተጋቢዎች አራተኛ ፎቅ ይወዳሉ። ኪራዩ ቀነስ ይላል፤ ነፋሱ ጥሩ ነው፤ ከላይ ሆኖ ጣሪያ የሚረግጥ ጎረቤት የለም፤ ደረጃ መውጣቱም «ስፖርት ነው» ይባላል። ስፖርቱ የሚያበቃው ማቅለሽለሹ ሲጀምር ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ቧንቧው እላይ ለመድረስ አቅም ሲያንሰው ቢጫው ጀሪካን በሰው ትከሻ ይወጣል፤ 20 ሊትር ማለት 20 ኪሎ ነው፤ ድሮ ተጋግዘው ያወጡት የነበረውን አሁን ባል ለብቻው ተሸክሞ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ስልክ የሚያናግር እየመሰለ ያርፋል። ግቢ ውስጥ ሰርቪስ ቤት የተከራዩትም ከዚህ የተሻለ ዕጣ የላቸውም። ነፍሰ ጡር በሌሊት ስንት ጊዜ ሽንት ቤት እንደምትነሳ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ የጋራው ሽንት ቤት ደግሞ ከግቢው ማዶ ነው፤ በመካከል የአከራዩ ውሻ አለ፤ ውሻው በቀን ቢለምዳቸውም በሌሊት ማንንም አያውቅም። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ቤቱ ያው ቤት ነው፤ ኪራዩም ደመወዙም አልተለወጠም። ባልና ሚስቱ ግን ደላላ ደውለው «ምድር ቤት ወይ አንደኛ ፎቅ፣ ሽንት ቤቱ ውስጥ የሆነ» ይላሉ። ሁሉም ነገር ባለበት ቆሞ አንድ ነገር ብቻ ከተጨመረ ለለውጡ ተጠያቂው የተጨመረው ነው። ይህን ለማወቅ ላቦራቶሪ አያስፈልግም።

አከራዮችም ሥልጣኑ የማን እንደሆነ ከባልና ሚስቱ ቀድመው ያውቃሉ። በአከራይ ሚዛን ከሁሉ የሚመረጠው ተከራይ ልጅ የሌለው ባለትዳር ነው። ላጤ ጓደኛ ያበዛል፤ ትልቅ ቤተሰብ ውሃ ያበዛል፤ አዲስ ተጋቢ ግን ጠዋት ወጥቶ ማታ ይገባል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ቡና ያፈላል፤ በቃ። ደላላው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት ናችሁ?» ነው፤ «ሁለት» ሲባል ድምፁ ይለሰልሳል። ሆድ ገፋ ማለት ሲጀምር የሁለቱ ቁጥር ጥርጣሬ ውስጥ ይገባል። ያኔ ባለቤቲቱ በረንዳ ላይ ጠርተው «ልጆቼ፣ እኔስ ደስታዬ ነው፣ ማርያም በሰላም ታገላግልሽ፤ ብቻ የውሃው ነገር…» ብለው ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርሱ ይተዉታል። ያልጨረሱትን ማንም ተከራይ ይጨርሰዋል። የኛ ሰው ልጅ ጠልቶ እንዳይመስላችሁ፤ በሰው ልጅ የሚፈነጥዘው ሰው በራሱ ቀለም በተቀባ ግድግዳ ላይ ሲሆን ሐሳቡን ይቀይራል። አሜሪካኖች እንኳ ልጅ ያለውን ቤተሰብና ነፍሰ ጡርን በዚሁ ምክንያት ቤት አላከራይም ማለት ክልክል ነው ብለው በሕግ ለመጻፍ እስከ 1988 እ.ኤ.አ. ቆይተዋል። የማይፈራ ነገር የሕግ ከለላ አያስፈልገውም።

«እኛም እኮ ሕግ አለን» የሚል እንደሚነሳ አውቃለሁ። አለን። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውሉ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያውም ከሁለት ወር እንዳይበልጥ ይላል። ጥሩ አዋጅ ነው። ነገር ግን አዋጁ ተከራይን የሚጠብቀው ከአከራይ ነው፤ ከጽንስ አይጠብቀውም። አከራዩ ሁለት ዓመት ቢታገስ ጽንሱ የሚታገሰው ዘጠኝ ወር ነው፤ ያንንም ሙሉውን አይደለም። ደግሞም አዋጁ ደረጃውን አያሳጥርም፤ የጎረቤት በርበሬ ሲቆላ መስኮት አይዘጋም። በሦስተኛው ወር ላይ ያለች ሴት ከታች ፎቅ የሚወጣውን የቁሌት ሽታ ችላ ብላ ውል ታከብር ዘንድ የሚያስገድድ ፍርድ ቤት ገና አልተቋቋመም።

ከሁሉ የሚያስቀው ግን የዕቃ ማጓጓዙ ቀን ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ መቆየት ይገባል። እንደኛ ባህል ሳይወለድ ዕቃ መግዛት ደስ አይልም፤ ለሕፃን አንዲት ካልሲ ገዝቶ መሳቢያ ውስጥ ማስቀመጥ ብዙዎችን ያስፈራል። እርግዝናውም ቶሎ አይወራም፤ ዓይን አለ። ካልሲ የሚያስፈራቸው ባልና ሚስት ግን አይሱዙ ተከራይተው ቤት ሙሉ ዕቃ በጠራራ ፀሐይ ለሰፈር ያሳያሉ። ቡናም ሳይጠራ፣ ለማንም ሳይነገር፣ አራተኛ ፎቅን ለቀው ምድር ቤት የሚገቡ ወጣት ባለትዳሮችን ያየ ጎረቤት ወሩን ቆጥሮ ይጨርሳል። ሚስት ዕቃ እንዳትነካ ተብላ በፕላስቲክ ወንበር ላይ ትቀመጣለች፤ ከዚያ ሆና ግን ጦር ታዛለች፤ «ፍሪጁ ቀጥ ብሎ! ብፌው በመስታወቱ!» ትላለች። ጫኝና አውራጆቹ የሚፈሩት እሷን ነው። ለባል ዋጋ የሚጨምሩት ልጆች ለእሷ ወንበሩን ጥላ ውስጥ ያዛውሩላታል። ባል ይህን አይቶ በድርድሩ መካከል «እርጉዝ ናት እኮ» ቢል አንዳንዴ ይቀነስለታል፤ አንዳንዴ ደግሞ «እንግዲያ አባት ልትሆን ነው፣ ጨምር እንጂ!» ይባላል። ከጭነቱ በኋላ ወረቀቱ ይመጣል። ከወረዳ ወረዳ ከተዛወሩ መሸኛ ማውጣት ግድ ነው፤ ከእድሩም መልቀቅ አለ፤ ክትትሉ የነበረበት ጤና ጣቢያ ከራቀ ካርዱም አብሮ ይሰደዳል። የዓለም ጤና ድርጅት ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አንዲት ነፍሰ ጡር ቢያንስ ስምንት ጊዜ እንድትታይ ይመክራል። ስምንት ቀጠሮ ያለው ሰው ሐኪሙ ካለበት ሁለት ታክሲ ርቆ ቤት አይከራይም። ሰፈሩን የመረጠው ማን እንደሆነ ከዚህም ይታያል።

ከባዱ ተቃውሞ የገንዘቡ ነው። «ተወው ወዳጄ፣ ሰው የሚኖረው ኪሱ በፈቀደለት ነው፤ ጽንስ ምን አባቱ ያዛል?» የሚሉኝ አሉ፤ በቀላሉ የምገፋቸው አይደሉም። ኪስ ድንበር ያበጃል፤ ቦሌ የሚያማትር ጽንስ በጀሞ መርካቱ አይቀርም። ቢሆንም ገንዘብ ዋና አዛዥ ቢሆን ኖሮ ባልና ሚስቱ ምን ባደረጉ ነበር? ዳይፐር፣ ክትባት፣ ክርስትና ከፊታቸው ተደርድሮ እያዩ እርካሹ ቤት ውስጥ ተጣብቀው በቆጠቡ ነበር። የሚያደርጉት ተቃራኒውን ነው፤ ገንዘብ ይበልጥ በሚያስፈልጋቸው ጊዜ ይበልጥ ውድ ወደሆነ ቤት ይዛወራሉ። ኪሳቸው «አይሆንም» እያለ እግራቸው የሚሄደው ሌላ የሚሰሙት ስላለ ነው። ጭራሽ መዛወር የማይችሉትስ? እነሱ ዘንድ ትእዛዙ በአንዲት ክፍል ውስጥ ይፈጸማል፦ ብፌው ተሸጦ ይወጣል፣ አልጋው ከመስኮቱ ሥር ይነሳል፣ ባል ከነፍራሹ ወደ ወለል ይወርዳል። ይህም መዛወር ነው፤ አይሱዙ የማይፈልግ በመሆኑ ብቻ ይለያል።

«እናቶቻችን እኮ አልተዛወሩም፤ ከማሳ መልስ ወልደው ማታውን ወጥ ሠሩ» የሚለው ክርክር ደግሞ ከአንድ ትውልድ በላይ ተደግሟል፤ ባለቤቶቹን ጠይቆ ያረጋገጠ ግን አላየሁም። በብዙ የአገራችን ክፍል የበኩር ልጅ የሚወለደው በሴቲቱ እናት ቤት ነበር፤ ወር ሲገባ ታስባ፣ ታጅባ፣ ተራራ ወርዳ ወንዝ ተሻግራ ትሄድ ነበር። ይህ መዛወር ካልሆነ ምን ይባላል? አይሱዙ ባይኖር በቅሎ ነበረች። ጤና ሳይንሱም ቢሆን ከዚህ የራቀ መፍትሔ አላመጣም። ጉራጌ አገር አጣጥ ሆስፒታል ከ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. አንስቶ ከሩቅ የሚመጡ ነፍሰ ጡሮች ቀናቸው እስኪደርስ የሚያርፉበት ማቆያ አለው፤ በኋላም በየገጠሩ ጤና ጣቢያ አጠገብ የእናቶች ማቆያ ተስፋፋ። ሴቲቱ ገንፎ እየበላች፣ ቡና እያፈላች ምጧን እዚያ ትጠብቃለች። ገበሬውም ሐኪሙም ሳይመካከሩ አንድ ነገር ላይ ደረሱ፤ ሊወለድ ያለው የሚፈልገው ቦታ አለው፤ እናትየው ወደዚያ ትሄዳለች።

የመንገዱ ነገር እንደ ቤቱ ብዙ አያከራክርም፤ እዚህ ላይ የጽንሱ ሥልጣን በጽሑፍ ነው ያለው። አብዛኞቹ አየር መንገዶች ከ28ኛው ሳምንት በኋላ የሐኪም ወረቀት ይጠይቃሉ፤ ከ36ኛው በኋላ አይጭኑም። በመኪና ልሂድ ያለችም ቢሆን ደሴ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ መካከሉ ላይ ጣርማ በር አለ፤ ወደ ጎጃም የሚሄደው ደግሞ ከጎሃ ጽዮን ወርዶ ዓባይን ተሻግሮ ወደ ደጀን ይወጣል፤ ያን ጠመዝማዛ ጤነኛ ሆድም አይወደውም። ስለዚህ ብዙ ጊዜ ጉዞው ይገለበጥና አያት ይመጣሉ፤ ከገብስ ዱቄት፣ ከቅቤ፣ ከተልባና ከአጥሚት እህል ጋር። መምጫቸውን ለመቁረጥ ግን ሒሳብ አለ። ሐኪሙ 40 ሳምንት፣ 280 ቀን ይላል፤ እሳቸው ዘጠኝ ወር ከአምስት ቀን ይላሉ። ያባቶች ቆጠራ ነው፤ ከክርስቶስ ጽንሰት መጋቢት 29 እስከ ልደቱ ታኅሣሥ 29 ድረስ 275 ቀን ይሆናል፤ ጳጉሜን ስድስት ስትሆን ቁጥሩ እንዳይፋለስ በዘመነ ዮሐንስ ልደት በታኅሣሥ 28 ይከበራል። (ያኔም ቢሆን ለምዝገባ መንገድ የገቡት እናትና ጠባቂዋ ማደሪያ እንዳጡ ይታወሳል።) ሐኪሙና አያት የሚጀምሩበት ቀን አንድ ስላልሆነ ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ በተቆረጠው ቀን በትክክል የሚወለደው ደግሞ ጥቂቱ ነው። አያት ለማንኛውም ቀድመው ይደርሳሉ። መኝታ ቤቱ የእናትና የአያት ይሆናል፤ ባል ሶፋው ላይ ያድራል፤ ለካስ ባለ ሁለት መኝታ የተፈለገው ለሕፃኑ አልነበረም። አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያሉት ባልና ሚስት ከዚህ ሁሉ ያመለጡ ይመስላቸዋል፤ እነሱ ዘንድ ደግሞ የአያት ቪዛ ከጽንሱ ጋር እሽቅድድም ይገባል።

«ታዲያ ተወልዶ ለምን አይዛወሩም?» ለሚል መልሱ አጭር ነው፦ አራስ ቤት ጫኝና አውራጅ አይገባም። ወንድ ከሆነ 40፣ ሴት ከሆነች 80 ቀን ድረስ፣ ክርስትና እስኪደርስ፣ ያቺን ቤት ማን ይነቀንቃታል? ጠያቂው ገንፎ ሊበላ ይመጣል እንጂ ቁም ሳጥን ሊሸከም አይመጣም።

መንግሥትም ቢሆን ሹመቱን አጽድቋል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለእናት ከመውለዷ በፊት 30፣ ከወለደች በኋላ 90 ቀን ይሰጣል፤ ሠላሳው ቀን ላልተወለደ ሰው የተሰጠ መሆኑን ልብ ይሏል። ለአባት ሦስት ተከታታይ ቀን አለ፤ በፌዴራል መሥሪያ ቤት ተቀጥሮ ከሆነ አሥር የሥራ ቀን። በሦስት ቀን ውስጥ አባት አንዱን ቀን ሆስፒታል በር ላይ ይቆማል፣ አንዱን ቅቤና ማር ፍለጋ ይዞራል፣ ሦስተኛውን ይተኛበታል፤ ለምዝገባው የሚተርፍ ቀን የለውም። የወሳኝ ኩነት አዋጅ ቁጥር 760/2004 ደግሞ ልደት በ90 ቀን ውስጥ ይመዝገብ ይላል፤ የሚመዘገበውም በወላጆቹ መደበኛ መኖሪያ ነው። ስለዚህ አባት ከዓመት ፈቃዱ ቆርሶ ወረዳ ይሄዳል። እዚያ ቅጹን የሚሞሉለት ሠራተኛ የልጁን ስም ይጠይቃሉ፤ ይናገራል። የእናቱን ስም ይጠይቃሉ፤ ይናገራል። መደበኛ አድራሻ ሲሉት መታወቂያውን አውጥቶ ያያል፤ መታወቂያው የሚለው አራተኛ ፎቅ ነው፤ መሸኛው ገና አላለቀም።