ከሙሽራዋ ጀርባ ያለው ጭጋግ እኔ ነኝ

ለወንድሜ ልጅ ሠርግ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ስወርድ ጋቢዬን ያሳጠብኩት ለማንም አልነበረም፤ ለቪዲዮው ነው። ሐረጎን ስንጠማዘዝ እንኳ እንዳይጨማደድብኝ ጭኔ ላይ ዘርግቼው ነበር።

ዳሱ ውስጥ ከሙሽሮቹ ኋላ፣ ከሽማግሌዎች ጋር ተደርድሬ ቪዲዮውን ብፈልግ የለም። አንድ ቀጭን ልጅ ፎቶ ማንሻ አንግቶ ይሽከረከራል። «አንተ ጎበዝ፣ ቪዲዮው መቼ ነው የሚመጣ?» ብለው፣ «ጋሼ፣ ይኸው ይሄ ነው» አለኝ።

የዱሮው ቪዲዮ ትከሻ ላይ የሚታዘል፣ ባውዛው ዓይን የሚያጠፋ፣ ሲገባ ዳሱ ሁሉ ቀና የሚልለት ነበር። የ3 ሰዓት ካሴቱን ይጎርስና ሰው ሳይመርጥ ይቀዳል፤ ሙሽራውን፣ ሽማግሌውን፣ ከጓዳ ሥጋ የምታሾልከዋን ሴትዮ ሳይቀር።

የእህቴ ልጅ እንዳስረዳኝ፣ ሌንሱ የሚቀያየረው ትልቁ ፎቶ ማንሻ ቪዲዮ ልቅዳ ያለው እ.ኤ.አ. በ2008 ነው። ኒኮን ዲ90 በጥራት ሲቀዳ 5 ደቂቃ ሞልቶ ይቆማል፤ በዚያው ዓመት የመጣው ካነን 5ዲ ማርክ 2 ወደ 12 ደቂቃ ግድም አደረሰው፤ አንዱ ፋይል 4 ጊጋባይት ሲሞላ ቀጥ። ኋላ የመጡት ደግሞ ብዙዎቹ 29 ደቂቃ ከ59 ሰከንድ ላይ ይዘጋሉ። ለምን ብትሉ፣ አውሮፓ ውስጥ 30 ደቂቃና ከዚያ በላይ የሚቀዳ ዕቃ ቪዲዮ ካሜራ ነው ተብሎ ቀረጡ ይከብድ ነበራ! እስቲ ፍረዱ፤ የአውሮፓ ቀረጥ የኮምቦልቻን ምርቃት ቆረጠ።

የቆረጠውም የኔኑ ነው። ተራዬ ደርሶ ተነሳሁ፤ «ውለዱ፣ ክበዱ» ብዬ ገና ስንደረደር ልጁ እጁን አወጣ። «ጋሼ፣ ቆሞብኛል፤ ከ‹ክበዱ› ይቀጥሉልኝ።» ምርቃት ከመሃል ይቀጠላል? አሚን ያለው ሰውስ አሚኑን ይመልስ?

የባሰው ግን ብዥታው ነው። የዚህ ካሜራ የውስጥ ዓይን ከዱሮዎቹ ሰፊ ነው አሉ፤ ሌንሱ ወለል ተደርጎ ሲከፈት ጥርት የሚለው አንዲት ስስ ንጣፍ ብቻ። የሙሽራዋ ሽፋሽፍት አንድ ባንድ ይቆጠራል፤ ጆሮዋ ላይ ሲደርስ ያጠራጥራል፤ ከጆሮዋ ወዲያ ዘመድ የሚባል የለም። «ሲኒማ ያስመስላል፣ ጋሼ» ይለኛል። እኛን አጥፍቶ!

ባለቤቴ ቡና እያፈላች ቪዲዮውን ስታይ፣ «ይሄ ከኋላዋ ያለው ነጭ ነገር መጋረጃ ነው?» አለችኝ። ጋቢዬ ነው። ውስጡ ደግሞ እኔ አለሁ። ከጦሳ የሚወርደውን ጭጋግ ዕድሜ ልኬን አይቻለሁ፤ ራሴ ጭጋግ ስሆን ግን ገና አሁን ነው።

ጥር ላይ የታናሽየዋ ሠርግ ነው፤ ያው ልጅ ቀብድ በልቷል። እኔም ወንበሬን ከቤቴ ይዤ ነው የምወርደው፤ ልክ ከሽፋሽፍቷ ትይዩ ነው የማስቀምጠው። ሚዜዎቹ እንግዲህ እንደፍጥርጥራቸው።