ስለ ቀላል ጉዞ፦ በእንጦጦ ሸንተረር ላይ የተመሠረተ ጥናት

ቀላል የተራራ ጉዞ የሚባለው ጠዋት ተጀምሮ ሳይመሽ የሚያልቅ፣ ገመድም ሆነ ድንኳን የማይጠይቅ፣ ቀላልነቱም ዘወትር ከዚህ ቀደም በሄደበት ሰው የሚመሰከርለት የእግር ጉዞ ነው። ለጥናቱ አመቺ ሆኖ የተገኘው ከአዲስ አበባ በስተሰሜን የተዘረጋው የእንጦጦ ሸንተረር ሲሆን፣ ሸንተረር ማለትም ግራና ቀኙ ቁልቁል የሚወርድ የተራራ ጀርባ ነው። ይህ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ያለው ቦታ በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባ እስክትቆረቆር ድረስ የዳግማዊ ምኒልክ መናገሻ ነበር፤ ቤተ መንግሥቱም ብርዱንና የማገዶውን እጥረት ትቶ ፍል ውሃ ወዳለበት ሜዳ ወርዷል። የዛሬው የከተማዋ ነዋሪ በበኩሉ ያንኑ ብርድ ንጹሕ አየር የሚል ስም ሰጥቶት በየሳምንቱ መጨረሻ ፍለጋ ይወጣል።

በጉዞው በቅድሚያ የሚስተዋለው ክስተት ዕይታን ማድነቅ ነው፤ ይኸውም ተጓዡ በድንገት ቆሞ፣ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ፣ አንዳች ሳይናገር አድማሱን የሚመለከትበት ሁኔታ ነው። በዚህ ከፍታ የአየር ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ወደ 70 በመቶ ገደማ ስለሚወርድ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚገኘው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ያንሳል፤ አድናቆቱ ዳገቱ በጠነከረበት ሁሉ እንደሚጠነክር፣ ሜዳ ላይ ጨርሶ እንደሚጠፋ፣ ጉም ወርዶ የፊት ለፊት ዛፍ በማይታይበት ማለዳም እንኳ እንደማይቋረጥ ልብ ይሏል። አስተባባሪው፣ ማለትም ምሳው የት እንደሚበላ ብቻውን የሚያውቀው ሰው፣ በዚህን ጊዜ «ያቺን ጉብታ ስናልፍ ነው» ይላል። ከጉብታዋ ጀርባ ሌላ ጉብታ መገኘቱ የሸንተረር ተፈጥሮ እንጂ የአስተባባሪው ውሸት አይደለም።

እንጦጦ ውሃ ከፋይ ነው፤ በሰሜን ጎኑ የወረደ ዝናብ በሙገር በኩል ዓባይን ሲቀላቀል፣ በደቡብ ጎኑ የወረደው ከተማዋን አቋርጦ አዋሽ ይገባል፣ አዋሽም ባሕር ሳያይ አፋር ምድር ላይ ይቀራል። የተጓዡ ዓይን ግን ለዚህ ክፍፍል ሳይገዛ ሙሉ በሙሉ ወደ ደቡብ ይፈስሳል። የሱሉልታ ሜዳ ከኋላው ተንጣሎ፣ ቀኑ በጠራ ጊዜም ዝቋላን የሚያህል ተራራ ከወዲያ ቆሞ ሳለ፣ እርሱ የሚፈልገው የገዛ ቤቱን ጣሪያ ነው። ኮንዶሚኒየም ነዋሪ በሆነው ላይ ፍለጋው ይረዝማል፤ ሕንፃዎቹ ተመሳሳይ በመሆናቸው ሁለት ተጓዦች አንዱን ጣሪያ ለየራሳቸው ይገባኛል ሊሉ ይችላሉ፤ ክርክሩም እንደ ማንኛውም የቤት ክርክር በዕለቱ አይቋጭም። ቤቱ ከተገኘ ግን፣ ተጓዡ ሊርቀው ብሎ ግማሽ ቀን የደከመለት ያው ቤት ከተራራ ላይ ፎቶ ይነሣል።

አበባን በተመለከተ ከመስከረም እስከ ጥቅምት ያለውን ጊዜ አደይ አበባ ትይዘዋለች። አደይ በክረምቱ ዝናብ በቅላ፣ አብባ፣ ዘሯን ጥላ የምትደርቅ ተክል ስትሆን፣ አንድ አበባ የሚመስለው ራሷም በእውነቱ የብዙ ጥቃቅን አበቦች ስብስብ ነው፤ በዙሪያው ያሉት ቢጫ ዘርፎች ሥራቸው ነፍሳትን መጥራት ቢሆንም፣ ጥሪውን ከንቡ ቀድሞ የሚሰማው ባለ ስልኩ ነው። ምኒልክ ለማገዶው ችግር ያስተከሉት ባሕር ዛፍ ከሥሩ እምብዛም ስለማያስበቅል አደይ ገላጣውን ትመርጣለች፤ ተጓዡም ከመንገድ ወጥቶ፣ እንዳይረግጣት በብርቱ ጥንቃቄ እየተራመደ መካከሏ ይደርስና ይቀመጥባታል። ቢጫ የሆነ ሁሉ አደይ ነው በሚለው ደንብ መሠረት ቁጥቋጦ የሆነው አሜጃም በአደይ ስም ብዙ ፎቶ ተነሥቷል።

በዚሁ መንገድ የማገዶ ሸክም ያዘሉ እናቶችና ልምምድ ላይ ያሉ ሯጮች ያልፋሉ፤ ሆኖም ቆመው ዕይታ ሲያደንቁ ስላልተስተዋሉ ከተጓዥ ተራ አልተመደቡም። ባለ ሸክሟ እናት አጎንብሳ ስታልፍ፣ ሁለት ምርኩዝ ይዞ ዳገቱ ላይ ለተቀመጠው ቡድን «አይዟችሁ ልጆቼ፣ ደርሳችኋል» ማለቷ የተለመደ ሲሆን፣ አስተባባሪውም ይህን ቃል ስለ ጉብታዋ ለተናገረው ሁሉ ምስክር አድርጎ ይቆጥረዋል።