ዝምታ በስንት ይሸጣል?

ጡረታ ስወጣ ፕሮፎርማ ከማንበብ የተገላገልኩ መስሎኝ ነበር። ምን ያደርጋል! የልጅ ልጄ ዕቁቤ ሊወጣልኝ መሆኑን ከማን እንደሰማ እንጃ፣ ከየሱቁ የለቃቀመውን ፕሮፎርማ ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግቶ፣ "አባባ፣ ቤት ሆኜ ሙዚቃ የማቀናብርበት ዴስክቶፕ ይግዙልኝ" አለኝ። ዕድሜዬን በሒሳብ ሹምነት የጨረስኩ ሰው ነኝ። ድምሩን አስቀድሞ የሚያይ ይደነግጣል፤ የደነገጠ ደግሞ ሳያነብ ይፈርማል። ስለዚህ መነጽሬን አድርጌ ከተራ ቁጥር አንድ ጀመርኩ።

በእኛ ጊዜ ዘፈን ለመቅረጽ የሚያስፈልገው ሰው ነበር። አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 ሸክላ ማሳተም በጀመረበት ዘመን ባንዱ በሙሉ አንድ ክፍል ይሰበሰባል፤ ሳክስፎኑም፣ ጊታሩም፣ ድራሙም እኩል ይነሳል፤ አንዱ ከሳተ ሁሉም እንደገና ይጀምራል። ሙዚቀኛው ይጣላል፣ ይታረቃል፣ ምሳ ይበላል። ዛሬ ባንዱ ሳጥን ውስጥ ገብቷል። ምሳ ቀረልን ብዬ ልደሰት ስል የሳጥኑን ዋጋ አየሁ።

በሁሉም ፕሮፎርማ ላይ ትልቁን ገንዘብ የሚውጠው ግራፊክስ ካርድ የሚሉት ነው። ሥራው ሥዕል ነው፤ ጌም ለሚጫወትና ቪዲዮ ለሚሠራ ሰው ይጠቅማል። የልጅ ልጄ የሚሠራው ዘፈን ነው፤ ዘፈን ደግሞ አይታይም። ድምፁን የሚያሰላው ፕሮሰሰሩ ነው፤ ለስክሪኑም ከብዙዎቹ ፕሮሰሰሮች ጋር አብሮ የሚመጣው ግራፊክስ ከበቂ በላይ ነው። ሱቁ ድረስ ሄጄ ይህንኑ ለሻጩ ጎረምሳ ብነግረው፣ "ፋዘር፣ ይሄ እኮ አውሬ ነው! መብራቱን እየው!" አለኝ። አየሁት፤ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ እያለ ይብለጨለጫል። ቤቴ አምፖል አለ። ሰረዝኩት።

ሻጩ ግን በዋዛ የሚለቅ አይደለም። በሌላኛው ፕሮፎርማ ላይ ፕሮሰሰሩ ረከስ ብሎ መጣ። የልጅ ልጄ ጠጋ ብሎ ቢያይ የኢንቴሉ ስም መጨረሻ ላይ "ኤፍ" የምትል ፊደል ተለጥፋለች። ለካ እሷ ያለችበት ፕሮሰሰር ግራፊክስ የለውም፤ ገዝተህ ቤት ስትደርስ ስክሪንህ ይጨልምና ካርዱን ልትገዛ ተመልሰህ ትሄዳለህ። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል ያሉት ይህንን አይተው መሆን አለበት።

ቀጥሎ የኮር ቆጠራ መጣ። "ፋዘር፣ ይሄ 14 ኮር ነው፤ ያኛው 20 ነው።" ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ተብዬ ስላደግሁ 20ውን ልመርጥ ነበር፤ ልጁ ከለከለኝ። የአንድ ዘፋኝ ድምፅ መጀመሪያ በኢኩዋላይዘር፣ ቀጥሎ በኮምፕረሰር፣ ከዚያ በሪቨርብ ያልፋል፤ ሁለተኛው የመጀመሪያውን፣ ሦስተኛው ሁለተኛውን ይጠብቃል። ቡና ማለት ነው። ሳይታጠብ አይቆላም፣ ሳይቆላ አይወቀጥም፣ ሳይወቀጥ አይፈላም፤ የመንደሩ ሴት ሁሉ ቢሰበሰብ አቦሉ አይፈጥንም። ትራክ ሲበዛ ኮሮቹ ይከፋፈሉታል እንጂ፣ ያ የተንዛዛ ሰልፍ የሚወድቀው ባንዱ ኮር ጫንቃ ላይ ነው። ስለዚህ የሚጠየቀው ከብዛቱ በፊት የአንዱ ፍጥነት ነው። ይህ ቁጥር ፕሮፎርማው ላይ አልተጻፈም፤ የተጻፈው መብራቱ ነው።

ፍጥነቱ ለምን እንዲህ እንዳስፈለገ ስጠይቅ ደግሞ ሌላ ጣጣ ተከፈተብኝ። ኮምፒውተሩ ድምፅን በሰከንድ 48,000 ሳምፕል ይቆጥራል፤ የቆጠረውንም ባፈር በሚሉት ልክ እየከፋፈለ ይሠራል። ባፈሩ 128 ከሆነ እያንዳንዱን ክፍል በ2.7 ሚሊ ሰከንድ ውስጥ ጨርሶ ማስረከብ አለበት፤ ካልደረሰ ድምፁ ጧ፣ ቋ ይላል። 1,024 ከተደረገለት 21 ሚሊ ሰከንድ ያህል ፋታ ያገኛል፤ ዘፋኙ ግን የራሱን ድምፅ በጆሮ ማዳመጫው ዘግይቶ ይሰማና ይደናበራል። ስለዚህ ሲቀረጽ ዝቅ፣ ሚክስ ሲደረግ ከፍ ይደረጋል። ይሁን። ግን እኔም ሒሳብ አውቃለሁ፤ በ21 ሚሊ ሰከንድ ድምፅ በአየር ላይ ሰባት ሜትር ያህል ይጓዛል። ትልልቆቹ ኦርኬስትራዎች መድረኩን ከዳር እስከ ዳር ሞልተው ሲቀመጡ በትራምፔቱና በከበሮው መካከል ይህን ያህል ርቀት ብርቅ አልነበረም። ከበሮው ዘገየብኝ ብሎ ለአያቱ ፕሮፎርማ ያመጣ ትራምፔት ነፊ ግን አላውቅም።

ራም ላይ ደረስን። አሁን ፒያኖ የሚገዛው በፋይል ነው። 88ቱ ቁልፎች አንድ በአንድ፣ በቀስታም፣ በመካከለኛም፣ በኃይልም ተመትተው ተቀድተዋል፤ ያ ሁሉ ደግሞ ራም ይፈልጋል። ለጀማሪ 16 ጊጋባይት ያስኬዳል፤ ቫዮሊኑና ጥሩንባው ሲደረብበት 32 ይሻላል። እኔም ጠየቅሁ። እ.ኤ.አ. በ1985 ብቅ ያለው አታሪ ኤስቲ የሚዲ መሰኪያው ከጎኑ ተገጥሞለት፣ አንድ ሜጋባይት ይዞ በስንት ስቱዲዮ አገልግሏል። 32 ጊጋባይት የዚያ 32,768 እጥፍ ነው። ታዲያ ዘፈኑ 32,768 ጊዜ ይጣፍጣል? ልጁ፣ "አባባ፣ አታሪው እኮ ውጭ ያሉትን ኪቦርዶች ያዝዝ ነበር እንጂ ድምፅ አይቀዳም" አለኝ። እውነቱን ነው፤ የጠየቅሁት ግን እሱን አልነበረም። ከጫነው ሁሉ ጊጋባይት ውስጥ ማሲንቆ አሰማኝ ብለው ፈልጎ አጣ። ማሲንቆ ያላት አንድ የጭራ አውታር ብቻ ነው። እሷ የምትይዘው ቦታ ከየት ይጠፋል? ለማንኛውም 32ቱን ፈቀድኩ።

በዲስኩ አልተጣላንም። አንድ የድምፅ ትራክ በ24 ቢት ሲቀዳ በደቂቃ 8.64 ሜጋባይት ይወስዳል፤ 20 ትራክ ያለው የአምስት ደቂቃ ዘፈን ማለት 864 ሜጋባይት ነው። በወረቀት ደመርኩት፣ ልክ ነው። አንድ ቴራባይት ኤስኤስዲ ይበቃል፤ የድሮው ተሽከርካሪ ዲስክ ለመጠባበቂያ ቅጂ ብቻ ይሁን፣ እሱም ከሳጥኑ ውጭ ይቀመጥ። ኤስኤስዲው የሚሽከረከር ነገር ስለሌለው አይንጫጫም፤ ከዕቃው ሁሉ ጨዋ ሆኖ ያገኘሁት እሱን ነው።

አሁን ወደ ዋናው በሽታዬ ልምጣ። ያን ሁሉ ፕሮፎርማ ከላይ እስከ ታች አነበብኩ፤ ለዘፈን ሥራ ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው ዕቃ ግን አንዱም ላይ የለም። እሱም ዝምታ ነው። ፕሮሰሰሩ ሲሠራ ይሞቃል፤ ሲሞቅ ፋኑ ይጮኻል፤ ፋኑ ሲጮኽ ማይኩ ይሰማል፤ ማይኩ የሰማውን ደግሞ ዘፋኙ እያዜመ አገር ይሰማዋል። ሻጩን፣ "ይህ ሳጥን ምን ያህል ይጮኻል?" ብለው፣ "ፋዘር፣ ሥራ ካልበዛበት አይጮኽም" አለኝ። እኔም ሥራ ካልበዛብኝ አልጮኽም። ትልልቅ ሆነው ቀስ ብለው የሚዞሩ ፋኖች፣ ሰፊ የፕሮሰሰር ማቀዝቀዣ፣ አየር የሚያስተላልፍ ሳጥን እንዲደረግልኝ ጠየቅሁ፤ ከግራፊክስ ካርዱ የተረፈው ገንዘብ ይህን ሁሉ ሸፍኖ መልስ አለው። ሳጥኑም ከጠረጴዛው ሥር ራቅ ብሎ ይቀመጣል፤ ማይኩ ጀርባውን ይሰጠዋል። በጀርባው የሚመጣውን ብዙም የማይሰማ ማይክ እንዳለ ሳውቅ ለራሴ እንዲህ ያለ ጆሮ ተመኘሁ።

ማክ ሚኒ የሚሉትም ቀርቦልኝ ነበር። ትንሽ ነው፣ ዝምተኛም ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው ኤም 4 ከ16 ጊጋባይት ይጀምራል። ነገር ግን ራሙ ከተገዛ በኋላ አይጨመርም፤ 32 ከፈለግህ ገንዘቡን ዛሬውኑ ቁጭ አድርግ ነው። እኛ ዕቁብተኞች ዘንድሮ ግማሹን፣ ለከርሞ ቀሪውን ነው የምናውቀው። ሎጂክ ፕሮ የሚባለውን የሙዚቃ ፕሮግራም የሚፈልግ ሰው ምርጫ የለውም፣ ከዴስክቶፖች እሱ የሚሠራው በማክ ብቻ ነው፤ ልጁ የለመደው ኤፍኤል ስቱዲዮ ግን በማክም በሌላውም ኮምፒውተር ስለሚሄድ አልፈነው ሄድን።

ሳጥኑን ዝም አሰኘሁ ብል ሰፈሩ ቀረ። ቨርጂኒያ ያለችው አክስቱ ሳውንድ ካርድና ኮንደንሰር ማይክ በሰው እጅ ላከችለት። ይህ ማይክ ከሳውንድ ካርዱ 48 ቮልት ካልተላከለት አይሠራም፤ ከተላከለት ደግሞ የማይሰማው የለም። ቆራሌው ሲያልፍ ይሰማል፤ የጎረቤት ዶሮ ይሰማል፤ የታክሲው ረዳት ከአስፋልቱ ሲጣራ ይሰማል። ክረምት ሲገባ ቆርቆሮው ላይ የሚወርደውን ልናገረውም አልፈልግ። ልጁ ይህን ሊከላከል የክት ጋቢዬን ግድግዳ ላይ ቸነከረው! ጋቢ ክፍሉ ውስጥ የሚያስተጋባውን ያለዝባል እንጂ የውጭውን ቆራሌ አያስቆምም። በመጨረሻ የተሻለው መላ ዳይናሚክ ማይክ አፍ አጠገብ ይዞ መዝፈን ሆነ፤ እሱ ከሩቅ ያለውን ብዙም አይለቃቅምም። ጋቢዬ ግን ቀዳዳውን ይዞ ቀረ።

ደግሞ ዴስክቶፕ እንደ ላፕቶፕ ባትሪ የለውም። መብራት ሲሄድ ያልተቀመጠው ሥራ አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ ዩፒኤስ ተገዛ፤ ሥራን ሴቭ አድርጎ ለመዝጋት የሚበቃ ፋታ ይሰጣል። በዚያች ፋታ ታዲያ ምን ያደርጋል? ጢጥ! ጢጥ! ይላል። ዝምታ ፍለጋ ገንዘቤን አፍስሼ የሚጮኽ ዕቃ ገዛሁ።

ሶፍትዌሩስ? "ክራክ አለ፣ ፋዘር፤ በፍላሽ እንጭንለታለን" አለ ያው ጎረምሳ። በካሴት ዘመን ስንቱ ዘፋኝ ልፋቱ ሳይሸጥ እየተባዛበት እንዳለቀሰ አስታውሳለሁ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 እስኪወጣ ስንት ተጮኸ! ዛሬ "ዜማዬን ሰረቁኝ" ብሎ ለመክሰስ የሚነሳው ወጣት ዜማውን የሚያቀናብረው በተሰረቀ ፕሮግራም ነው። ሪፐር የሚባለው ለግለሰብ 60 ዶላር ነው፤ በነፃ የሚገኙም አሉ። 60 ዶላር በብር ስንት ነው እንዳትሉኝ፤ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ የምንዛሪውን ዋጋ ገበያው ነው የሚቆርጠው። አንዱ ፕሮፎርማ ግርጌ ላይ "ዋጋው የሚጸናው ለዛሬ ብቻ ነው" ይላል። ሲሰጡኝ መሽቶ ነበር።

ይህን ሁሉ ስነጫነጭ ልጁ መልስ አዘጋጅቶ ኖሯል። "ኃይሉ መርጊያስ፣ አባባ?" አለኝ። እ.ኤ.አ. በ1985 ዋሽንግተን ላይ አኮርዲዮኑን፣ ኪቦርዶቹንና የሪትም ማሽኑን ይዞ ብቻውን አልበም ሠርቷል፤ ባንድ የለ፣ ምሳ የለ። አፌን ሊያዘጋኝ ነበር። ግን ኃይሉ ብቻውን ከመቀመጡ በፊት ከዋልያስ ባንድ ጋር አዲስ አበባ ሂልተን ውስጥ ለዓመታት ከሰው ጋር ሲጫወት ኖሯል። ብቻውን የሆነ ጊዜ እነዚያ ሁሉ በጆሮው ውስጥ ነበሩ። የልጅ ልጄ ጆሮ ውስጥ ማን አለ? እሱን የሚሸጥ ሱቅ አላገኘሁም። ስለዚህ ገንዘቡን ስሰጥ አንድ ግዴታ አስገባሁ፤ በየዘፈኑ ቢያንስ አንድ ሰው ነፍስ ያለው መሣሪያ ይዞ ቤቴ ይምጣ። ክራርም ይሁን፣ ዋሽንትም ይሁን፣ ማሲንቆም ይሁን፤ ምሳው በእኔ ነው።

ኮምፒውተሩ ተገጥሞ ሲያልቅ ምን ተባልኩ መሰላችሁ? "አባባ፣ ልቀርጽ ስለሆነ ሬዲዮውን ይዝጉልኝ። በነጠላ ጫማ አይመላለሱ። ወንበሩ ይንጫረራል፣ ባይነሱ ጥሩ ነው።" በገዛ ቤቴ! እኔም የሒሳብ ሰው ነኝና ነገሩን ያለ ጠብ ጨረስኩት። ገበያው ላይ የጠፋው ዕቃ እኔ ዘንድ ካለ ዋጋ አለው ማለት ነው። ሬዲዮ መዝጋት በሰዓት ይታሰባል። ነጠላ ጫማ ማውለቅ በምልልስ። ከወንበር አለመነሳት ወገብ ስለሚነካ እጥፍ ነው። ክፍያ በቅድሚያ፤ የቤተሰብ ስለሆነ ተጨማሪ እሴት ታክስ አልጠይቅም። ሳል ግን በዋጋው ውስጥ አይካተትም፤ እሱን የሚያጠፋ ፕሮግራም አለ ሲል ሰምቻለሁ፤ በራሱ ገንዘብ ይግዛ፤ ክራክ እንዳይሆን ብቻ!